ራዕይን መሳል፤ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ስላገኘናቸው የዓምዱን ሙሉ ቦታ ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩም አገር ላገር እየዞረ፣ በገዳምና በመስጊድ ደጅ እያደረ፣ ፍልስፍና እያነበበ፣ በተመስጦ ያየውን በቀለም ለማስፈር የሚደክም ሠዓሊ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ሲሆን የምተዳደረው በሐዋሳ የሱቅ ታፔላ በመጻፍና ባጃጅ በማስዋብ ነው። ጥቂት ገንዘብ ስቋጥር እነሣና እሄዳለሁ። በዝዋይ ደሴቶች ገዳማት፣ በድሬ ሼክ ሁሴን፣ በሻሸመኔም ከራስታዎቹ ዘንድ ሰንብቻለሁ። ስለ ንቃተ ህሊና የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። በጸጥታ ስቀመጥ ዓይኖችና ቀለማት ይታዩኛል፤ እነርሱን እስላለሁ። ቤተሰቤ «ነካ አድርጎታል» ይላል፤ ጓደኞቼ ደግሞ «ሠዓሊ ማለት እንዲህ ነው» ይሉኛል። ከእኛ ሰዎች በዚህ መንገድ የሄደ አለ? መንገዱስ ያደርሳል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በዚህ መንገድ የሄደ አለ፤ ከሁሉም በፊት ሊያጠኑት የሚገባዎም እስክንድር ቦጎሲያን ነው። እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናትና የአርመን ዘር ካለው የክብር ዘበኛ መኮንን ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ለንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ በተዘጋጀ የሥዕል ውድድር ተሸለመ፤ በ1955 በመንግሥት ወጪ ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖረባት። እዚያም በሕልምና በንቃት መካከል ያለውን ድንበር የሚፈትሹትን ሱሪያሊስቶች፣ ከእነርሱም መካከል የኩባውን ዊፍሬዶ ላምንና የቺሊውን ሮቤርቶ ማታን አገኘ። የሴኔጋሉ ሊቅ ሼክ አንታ ዲዮፕ ስለ ጥንታዊት አፍሪካ ያስተማረውን ሰማ፤ በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በክታብ ላይ ያየውንም ከባዕድ አገር ሆኖ እንደገና መመርመር ጀመረ።

በ1964 የሣለውና ዛሬ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ሥራው ስሙ ራሱ ፍርሃትንና ሐሴትን በአንድ የሌሊት በረራ ያጣመረ ነው። በጨለማ ጠፈር ውስጥ ክንፍ ያላቸው ፍጡራን ይንሳፈፋሉ፤ የትኛው ወፍ፣ የትኛው መንፈስ፣ የትኛው ኮከብ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሆኖም በሸራው ላይ በዘፈቀደ የተጣለ አንድም ነጥብ አይገኝም። ሥዕሉን በኅትመት ብቻ የሚያዩት ቢሆንም እንኳ ቀለሙ በስንት ንብብር እንደተደረበ፣ ከላይ ያለው ተፍቆ ከሥሩ ያለው ብርሃን እንዴት እንደወጣ ዓይንዎን አስጠግተው ይመርምሩት። እስክንድር በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሦስት ዓመት ያህል አስተማረ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 ድረስ መምህር ነበር። በ2003 በዚያው ከተማ አረፈ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለክብሩ ብቻ አይደለም። እስክንድር ከአገር ወደ አገር በተሻገረ ቁጥር የደረሰው ወደ አንድ ትምህርት ቤት፣ ወደ አንድ መምህር፣ ወደ አንድ አዲስ የአሠራር ዘዴ ነበር። በፍየል ቆዳ ላይ ሠራ፤ ከዛፍ ልጣጭ በተቀጠቀጠ ጨርቅ ላይ ሠራ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ በዋሽንግተን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከአሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ የግድግዳ ሥራ አበረከተ። ዘመኑን ሙሉ ከአገር አገር ቢዘዋወርም እጁ ግን ከሥራ አልወጣም።

የገብረ ክርስቶስ ደስታም ሕይወት ወደዚሁ ያመራል። በ1932 ሐረር የተወለደው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ የሥዕልን ሀ ሁ የቈጠረው መጽሐፍ ጸሐፊና ሠዓሊ ከነበሩት አባቱ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሲመለስ ሰውና ዛፍ የማይታይባቸውን ረቂቅ ሥዕሎች ይዞ መጣ፤ ብዙ ሰውም አልገባውም። በ1963 የሣለው የጎልጎታ ሥዕል ግን መስቀልንና ደምን ወደ ቀለም ግጭት ስለለወጠው፣ ረቂቁን ሥዕል አልቀበልም ያለ ተመልካች እንኳ ቆሞ ሳያየው አያልፍም። ገብረ ክርስቶስ በስደት ላይ እንዳለ በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ፤ ስደቱንም ያለ ፈቃዱ የተጫነበት መከራ እንጂ የጥበብ ጌጥ አድርጎ አልቈጠረውም።

በሌላው ዓለም ደግሞ ዙረትን ከራዕይ የሚለይ ምስክር አለ። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ገጣሚ ዊልያም ብሌክ በልጅነቱ በዛፍ ላይ መላእክትን አየሁ ብሎ የተናገረ፣ እስከ ዕለተ ሞቱም ከራዕዩ ያልተለየ ሰው ነው። ነገር ግን በባሕር ዳርቻ መንደር ካሳለፋቸው ሦስት ዓመታት በቀር ከለንደን ርቆ አልኖረም። ከራዕዩ ጎን ለጎን የነበረው ነገር በመዳብ ቅርጽ ሠሪ ዘንድ በተለማማጅነት ያሳለፋቸው ሰባት ዓመታት ናቸው። ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንትም ከመንፈሳውያን ኃይላት ታዘዝኩ ብላ በ1906 እና በ1915 መካከል 193 ሥዕሎችን ከመሥራቷ በፊት በስቶክሆልም የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለአምስት ዓመት ተምራ፣ የመልክዓ ምድርና የሰው ምስል በመሣል ኑሮዋን ስትመራ የቆየች ሴት ነበረች። ሥራዋም ከሞተች ሃያ ዓመት እስኪሞላት ለሕዝብ እንዳይታይ ተናዝዛ በ1944 ዐረፈች። ሁለቱም ያዩትን ከማየታቸው በፊት፣ ወይም ከማየታቸው ጋር አብረው፣ እጃቸውን አሠልጥነው ነበር።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ስለ ሄዱባቸው ቦታዎች አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈውልናል፤ ስለ ሥዕሎችዎ ግን የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይህ አሳስቦኛል። የሚታዩዎት ዓይኖች እውነት ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ማንም አይችልም። ሊፈረድ የሚችለው በሸራው ላይ ያረፈው ነገር ነው። ስለዚህ በቀጣዩ ጉዞዎ በእያንዳንዱ ቦታ የሚቆዩበትን ጊዜ አስረዝመው የቦታዎቹን ብዛት ይቀንሱ፤ በገዳሙ የግድግዳ ሥዕል ካለ አንዱን ምስል ከጸጉሩ እስከ እግሩ ገልብጠው እስኪጨርሱ ድረስ አይነሡ። ታፔላ መጻፍዎንም አይናቁት። ፊደልን በእኩል ክብደት፣ በእኩል ርቀት፣ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መጣል ብዙ ምሩቅ ሠዓሊ ያጣው ችሎታ ነው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የፍልስፍና መምህር ነኝ። በእርግጥ ሥዕል ስለ ንቃተ ህሊና የሚነግረን ዕውቀት አለ? ወይስ ሠዓሊያኑ ምሥጢራዊነትን ፍልስፍና እያስመሰሉ ነው? ሐሳብ በሙግት እንጂ በቀለም አይረጋገጥም ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ መምህር፣ ሐሳብ በቀለም አይረጋገጥም በሚለው እስማማለሁ። ሆኖም ፍልስፍና ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ወሰኑን በግልጽ አስቀምጧል። አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል በ1974 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ስለ ሌሊት ወፍ አንጎል፣ ጆሮና በረራ ሁሉንም ነገር ብናውቅ እንኳ ለሌሊት ወፏ ራሷ ሕይወት ምን እንደምትመስል ከዚህ ዕውቀት ልናወጣ እንደማንችል ተከራክሯል። ሙግቱ ከቆመበት በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እርሱም ከውስጥ የሚኖረው ልምድ ነው።

ከኔግል ስምንት መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የእስልምናው ሊቅ አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ ይህንኑ በሕይወቱ ፈትኖታል። በባግዳድ ትልቁን ወንበር የያዘ መምህር ሳለ በ1095 ምላሱ ተሳስሮ ማስተማር አቃተው፤ ሹመቱን ጥሎ ወደ ደማስቆና ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ መካ ሄዶ ለብዙ ዓመታት በሱፊዎች ሥርዓት ኖረ። ኋላ እንደጻፈው፣ የጤንነትን ትርጓሜ ከነምክንያቱ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛ መሆን ሌላ ነገር ነው። የታመመ ሐኪም ጤንነትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጤንነቱ ግን የለውም። ገዛሊ ፍልስፍናን የተቸው ፍልስፍናን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተማረ በኋላ እንደሆነ ግን መርሳት አይገባም፤ ከሱፊነት በኋላም ወደ ማስተማር ተመልሷል። የወሎን መንዙማ የሚያውቅ አንባቢ የገዛሊ ሐሳብ ሩቅ አይሆንበትም።

ከእኛው ትውፊት ደግሞ ቅዱስ ያሬድን ያስቡት። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ያሬድም እስኪፈጽም ድረስ ሕመሙ አልተሰማውም ተብሎ ይተረካል። ትረካውን እንደ ታሪክ ይቀበሉት ወይም አይቀበሉት፣ በውስጡ ያለው ጥያቄ የእርስዎ ትምህርት ክፍል ጥያቄ ነው። ሕመሙ በሥጋ ላይ ነበረ፤ ተቀባዩ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ይህ «ሌላ ቦታ» ምንድን ነው? ያሬድ በዚህ ላይ ድርሳን አልጻፈም፤ ያቆየልን ዜማውን፣ እስከ ዛሬም ደብተራዎች በዓመታት ድካም የሚማሩትን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ1902 ባሳተመው ጥናት ለምሥጢራዊ ተሞክሮ አራት ምልክቶች ሰጥቷል፤ በቃል አለመገለጹ፣ ዕውቀት የሚሰጥ ሆኖ መሰማቱ፣ አጭር መሆኑና ባለቤቱ በሌላ ኃይል የተያዘ መስሎ መታየቱ። ሥዕል ሊያገለግል የሚችለው በመጀመሪያው ምልክት በኩል ይመስለኛል። በቃል የማይገለጸውን ሌላ ሰው ባያረጋግጠውም በሥዕሉ ፊት ቆሞ የራሱን ንቃት ሊታዘብበት ይችላል። ይህ ሙግት አይደለም፤ ለሙግት የሚቀርብ ማስረጃ ግን ነው። ተማሪዎችዎን አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ሥዕል ፊት አስቀምጠው፣ ትኩረታቸው መቼ እንደሸሸና መቼ እንደተመለሰ ያስጽፏቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኔግል ሲያስተምሩ ክፍሉ ሌላ ይሆናል።

ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብም አንድ ነገር ልጨምር፣ በደብዳቤዎ ኅዳግ ላይ ጠይቀዋልና። በስሙ የሚጠራው ሐተታ የማን ድርሰት እንደሆነ በሊቃውንት መካከል ክርክሩ አልተቋጨም። ይሁንና ድርሰቱ የሚነግረን ሰው ከስደት ሸሽቶ ለሁለት ዓመት ያህል በዋሻ ከኖረና ብቻውን ካሰላሰለ በኋላ ወደ እንፍራዝ ወርዶ መጽሐፍ በመገልበጥ እንጀራውን ያበሰለ ነው። ይህን ታሪክ ለታፔላ ጸሐፊው ወንድማችን ጭምር አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአብነት ትምህርት ቤት እስከ ቅኔ ተምሬ አሁን በሐዋሳ በኅትመት ሥራ ላይ ነኝ። አንድ ወዳጄ የክታብ ጠልሰሞችን በትልቅ ሸራ ላይ እየሣለ ለሆቴሎች ይሸጣል። ሳየው ሰውነቴ ተሸበረ። ይህ ድፍረት አይደለም? ሥዕሉስ ኃይል ይኖረዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሸበርዎ አልገረመኝም፤ ክታብ የተሠራው ለመታየት ብቻ ስላልሆነ። እርስዎ የሚያውቁትን ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የሚዘጋጅ፣ ቁርጥራጩ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል የሚደረግ ጥቅል ብራና ነው፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው። በላዩ በግዕዝ ጸሎት ይጻፋል። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለው ወርዝልያ በቅዱስ ሱስንዮስ መሸነፏ ይነገራል፤ አጋንንትን እንደ ዓሣ ስለሚያጠምደው የሰሎሞን መረብ ይጻፋል፤ የባለቤቱም ስመ ክርስትና በየቦታው ይገባል። በጽሑፎቹ መካከል ጠልሰሞቹ ይመጣሉ፤ ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በኮከቡም መካከል ፊት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያፈጡ ዓይኖች።

በዚህ ጥበብ ላይ ከተደረጉ ጥናቶች የተማርኩትና እጅግ ያስደነቀኝ ነገር የዓይኖቹ አሠራር ነው። ሕመምተኛው ክታቡን ሲያይ፣ በእርሱ ውስጥ ያደረው መንፈስም በሕመምተኛው ዓይን በኩል ይመለከታል፤ ምስሉ የሚያጠቃው ያን ተመልካች ነው፤ መንፈሱም ያየውን መቋቋም አቅቶት ይሸሻል። እንግዲህ በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ሰው ሲያይ የሚያየው እርሱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሥዕልም ተመልካቹን መልሶ ያያል። ስለ ንቃተ ህሊና ከተጻፉት ብዙ ነገሮች ይልቅ ይህ የደብተራዎች ሐሳብ አእምሮዬን ይዞታል። አገራችን ሥዕል ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ የራሷ መልስ እንደነበራት ያሳያልና፣ ተማሪዎቻችን ከሱሪያሊስቶች በፊት ሊማሩት ይገባ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን አስማትንና ጥንቆላን እንደምትነቅፍ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ ኃይል አለው ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ። ድፍረት ነው ወይ ለሚለው ግን አስተያየት አለኝ። ከሙያው ውስጥ ሆነው ጠልሰምን ወደ አዲስ ሥዕል ያሻገሩ ሰዎች ነበሩ። በ1939 የተወለደው ጌዴዎን የደብተራን ትምህርት የተማረ ሲሆን፣ ገጹን ሙሉ በሚሞሉ ጥቃቅን መስመሮች የሣላቸውን ሥራዎች የምርምርና የጥናት ጠልሰሞች ብሎ ይጠራቸው ነበር። በ1941 የተወለደው ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ቆዳ ጨምሮበት፣ የክታብን አቋቋም ወደ ራሱ ቋንቋ ለውጦታል። እነዚህ ሰዎች ዓይኑን ብቻ ቈርጠው አልወሰዱም፤ ምስሉ በምን ሥርዓት እንደቆመ፣ ለምን በረጅሙ እንደሚወርድ፣ ባዶ ቦታን ለምን እንደሚሸሽ አጥንተው ነው።

ወዳጅዎ ከዚህ ወገን ከሆነ አይፍረዱበት። ዓይኑን ለሆቴል ግድግዳ ማድመቂያ ብቻ የሚያባዛው ከሆነ ግን ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ዓምዱም ከእርስዎ ጋር ይቆማል። አንድ ነገር በጥብቅ ይንገሩት፤ የሌላ ሰው ስመ ክርስትና ያለበትን ጽሑፍ አይገልብጥ፤ አሮጌ ክታብም ቢያገኝ ቈራርጦ በሸራ ላይ አይለጥፍ፣ ለውጭ ገዢም አይሽጥ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግም የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ተወ። ሌሊት ታቦር ተራራ ይወጣል። ራእይ ታየኝ እያለ የክፍሉን ግድግዳ በከሰል ሞላው። ከወር ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ ሬዲዮው ስለ እኔ ይናገራል ይላል፤ የሠራሁትን ምግብ መርዝ አለበት ብሎ አይበላም። ጎረቤት ነቢይ ነው ይላል፤ የጸሎት ቡድናችንም ለሁለት ተከፍሏል። እኔ እናቱ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናታችን፣ ይህን መልስ መጽሔቱ እስኪታተም ሳንጠብቅ በስልክ ነግረንዎታል፤ እዚህ የምናትመው በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ላሉ ሌሎች ወላጆች ነው። ልጅዎን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ዛሬ ነገ አይበሉ። ተራራ መውጣቱ ወይም ግድግዳ መሣሉ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ የእንቅልፉ መጥፋት፣ ሬዲዮው ስለ እርሱ እንደሚናገር ማመኑ፣ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ መፍራቱ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ በቶሎ የታከመ ሰው የመሻል ዕድሉ ከዘገየው ይበልጣል። ጫት ወይም ካናቢስ የሚጠቀም ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ሁለቱም እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሊያባብሱ ይችላሉ። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት የሚያዝ ድምፅ ይሰማኛል ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ይሂዱ።

ሰዎች ብሌክም እንደዚህ ነበር እያሉ ሊያዘናጉዎት ይችላሉ። ብሌክ ይበላ ነበር፤ ይተኛ ነበር፤ የታዘዘውን ሥራ ለደንበኛ ያስረክብ ነበር፤ ከሚስቱም ጋር በሰላም ይኖር ነበር። ራእይ ያየ ሰው ከራዕዩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጅዎ መመለሻው ጠፍቶበታል፤ መንገዱን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ጸሎታችሁ ይቀጥል፤ ጸበልም የሚያምን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን በዚህ ምክንያት እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። ግድግዳውን አያጥቡት፤ ወረቀቶቹንም አያቃጥሉ። ሲሻለው ራሱ አይቶ የሚፈልገውን ይመርጣል፤ በሕክምና ላይ ሆኖም መሣል ይችላል። ለጎረቤቶችዎም «ነቢይ» የሚለውን ቃል በፊቱ እንዳይናገሩ በትሕትና ይለምኗቸው።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሥዕል ትምህርት የለም። እንደነዚህ ሠዓሊያን መሆን እፈልጋለሁ፤ ሩቅ አገር መሄድ ግን አልችልም። ጫትና ጭስ ለተመስጦ ይረዳል የሚሉም አሉ። ከሐዋሳ ሳልርቅ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን፣ የሁለተኛውን ጥያቄሽን በቶሎ ልለፈው። ጫትን ከሃይማኖታዊ ተመስጦ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች የሚያስቡት እንደ ወሎው ያለውን የዱዓ ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሸኹ አለ፤ ዱዓው አለ፤ መንዙማው አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ማኅበር አለ። ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ በተከራየ ክፍል ውስጥ የሚቃም ጫት እንቅልፍ ይነሣል እንጂ ዓይን አይከፍትም። ጭሱ፣ ማለትም ካናቢሱ፣ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በአንቺ ዕድሜ ላለ አእምሮም አደገኛ ነው። አትሞክሪው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄሽ ግን ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ ብዙ ሠዓሊ አላገኘም። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ መረብ በሚያራግፉበት ሰዓት ሄደሽ አባ ኮዳዎቹን ሣይ፤ አባ ኮዳ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ወፍ ስለሆነ ለጀማሪ ከሰው የተሻለ ሞዴል ነው። በፊቼ ጨምበላላ ጊዜ ጉዱማሌ ውጪ፤ ሽማግሌዎቹን ስትስዪ ግን የበዓሉ ቀን እንዴት እንደተቈረጠ ጠይቂያቸው። ኮከብና ጨረቃን እየተከታተሉ ቀኑን የሚወስኑ አያንቶ የሚባሉ ዐዋቂዎች አሉ፤ በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ በዓል ሰማይን ትኩር ብሎ ከማየት የተወለደ ነው።

ቤተሰብሽ ሲፈቅድ ደግሞ በዲላ መንገድ ወደ ጌዴኦ ሂጂ። በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ምድር ላይ ቱቱ ፈላ የሚባል የትክል ድንጋይ መስክ አለ። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ የሰው ፊትና አካል ተቀርጾባቸዋል። ማን እንደቀረጻቸው ስሙ አልቀረም፤ ፊቶቹ ግን በጥቂት መስመር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ስንት መስመር ሲቀነስ ፊት ፊትነቱን እንደሚያጣ ለመማር ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም። ጠባቂውን አስፈቅጂ፤ ድንጋዮቹን በኖራ ወይም በጠመኔ አታድምቂ፤ ከሰልሽንና ጠንካራ ካርቶን ይዘሽ አንዱን ድንጋይ ከጠዋት እስከ ቀትር በሚለዋወጠው ብርሃን ደጋግመሽ ሣይው። የሣልሻቸውን ከነቀናቸው ወደዚህ ዓምድ ብትልኪ በደስታ አይተን፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚታየንን በጽሑፍ እንመልስልሻለን።